በጨረር ሕክምና ጊዜ የሚታየው ሰማያዊ ብርሃን፦ ምንነቱ፣ ጥቅሙና ገደቡ

መግቢያ

በጭንቅላቱ ወይም በፊቱ አካባቢ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ሕመምተኛ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቶ ሳለ ሰማያዊ ብርሃን እንደታየው ለነርሷ ወይም ለጨረር ሕክምና ቴክኖሎጂ ባለሙያው ሊናገር ይችላል። ይህን የሰማ የጤና ባለሙያ ሕመምተኛው ከፍርሃት የተነሣ የተናገረው ነው ብሎ ሊያልፈው፣ ወይም በተቃራኒው ዓይኑ ተጎድቷል ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ሁለቱም አያስፈልጉም። ብርሃኑ በእርግጥ ያለ፣ ምንጩም የታወቀ ነው። ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ ፓቬል ቼሬንኮቭ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው ጥናት ስለገለጸው የቼሬንኮቭ ብርሃን ተብሎ ይጠራል።

ይህ ብርሃን ካለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ ከፊዚክስ ቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ሕክምናው ክፍል ገብቷል። ጨረሩ በሕመምተኛው ገላ ላይ የት እንዳረፈ በዓይን ለማየት የሚያስችል ዘዴ ሆኗል። ይሁን እንጂ ብርሃኑ የጨረሩ ምስክር እንጂ ጨረሩ ራሱ አይደለም። ምስክርነቱም በቆዳ ቀለም፣ በደም መጠንና በሰውነት ጥልቀት ይለዋወጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ብርሃኑ እንዴት እንደሚፈጠር ማስረዳት፣ ከዚያም ባለሙያው ከእርሱ ምን ያህል ሊያምነው እንደሚገባ ማመልከት ነው።

የግኝቱ ታሪክ

ማሪ ኩሪ በራዲየም መፍትሔዎች ውስጥ የሚታየውን ደብዛዛ ሰማያዊ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ተመልክታ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ነገሩ እንደ ተራ የፍሎረሰንስ ብርሃን ስለተቆጠረ ማንም ጠለቅ ብሎ አልመረመረውም። የመጀመሪያውን ስልታዊ ምርመራ ያደረገው ሐኪም መሆኑ የጤና ባለሙያውን ደስ ሊያሰኝ ይገባል። ፈረንሳዊው የራዲዮሎጂ ሐኪም ሉሲየን ማሌ እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1929 ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ በራዲየም አጠገብ የተቀመጠ ውኃ የሚያወጣው ብርሃን እንደ ፍሎረሰንስ የተወሰኑ ቀለሞች ብቻ ያሉት ሳይሆን ቀለሞቹ ሳይቋረጡ የሚከታተሉበት መሆኑን አሳየ። ምክንያቱን ግን ሊያብራራ አልቻለም።

ቼሬንኮቭ በሰርጌይ ቫቪሎቭ ሥር የምርምር ተማሪ ሳለ የዩራኒየም ጨዎች መፍትሔ በጋማ ጨረር ሲመታ የሚሰጠውን ብርሃን ያጠና ነበር። በዘመኑ እንደዚህ ያለውን ደካማ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ስላልነበረ፣ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ በጨለማ ክፍል ከተቀመጠ በኋላ በገዛ ዓይኑ ይለካ ነበር። ጨው ያልተጨመረበት ንጹሕ ፈሳሽ እንኳ ብርሃን መስጠቱን አየ። እ.ኤ.አ. በ1937 ኢጎር ታምና ኢልያ ፍራንክ የክስተቱን ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ። ሦስቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1958 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማትን አብረው ተቀበሉ። ቫቪሎቭ ግን እ.ኤ.አ. በ1951 ስላረፈ ከሽልማቱ አልደረሰም።

ብርሃኑ እንዴት ይፈጠራል?

ውኃ፣ ብርጭቆ፣ ፕላስቲክና አብዛኛው የሰውነት ክፍል ለብርሃን ሞገድ እንደ ዳይኤሌክትሪክ ቁስ ሊታይ ይችላል። ዳይኤሌክትሪክ የሚባለው፣ በውስጡ ያሉት ሞለኪውሎች ኤሌክትሮኖቻቸውን ሳይለቁ፣ በአጠገባቸው በሚያልፍ የኤሌክትሪክ ሙል ግፊት ለቅጽበት ተለጥጠው ወደ ቦታቸው የሚመለሱበት ቁስ ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል ተለጥጦ ሲመለስ እጅግ አነስተኛ የሆነ የብርሃን ሞገድ ይሰዳል።

ኤሌክትሮኑ በዝግታ የሚጓዝ ከሆነ እነዚህ ጥቃቅን ሞገዶች እርስ በርሳቸው ይሻራሉ። ስለዚህ ምንም ብርሃን አይወጣም። ኤሌክትሮኑ በዚያ ቁስ ውስጥ ብርሃን ከሚጓዝበት ፍጥነት በልጦ ሲሄድ ግን፣ ከኋላ የተነሡት ሞገዶች ሊያመልጡት ስለማይችሉ ተደራርበው በአንድ አቅጣጫ ይገፋሉ። በሐይቅ ላይ የሚቀዝፍ ጀልባ ከውኃው ሞገድ ፍጥነት ሲበልጥ ከኋላው ሹል ቅርጽ ያለው ሞገድ እንደሚጎትተው ሁሉ፣ ኤሌክትሮኑም የብርሃን ሾጣጣ ይጎትታል።

እዚህ ላይ አንባቢው «ከብርሃን የሚፈጥን ነገር የለም ይባል የለም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሊታለፍ የማይችለው የፍጥነት ወሰን ብርሃን በባዶ ቦታ የሚጓዝበት፣ በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ነው። በውኃ ውስጥ ግን ብርሃን ራሱ ዘግይቶ በሴኮንድ 225,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚህ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ኤሌክትሮን በውኃ ውስጥ ያለውን ብርሃን ሊቀድም ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ጉልበት በውኃ ውስጥ 260 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነው። ብርሃን ከውኃ ይልቅ በሚዘገይበት የሰውነት ሥጋ ውስጥ ደግሞ ወደ 220 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ዝቅ ይላል።

ከዚህ ወሰን በብዙ የሚበልጥ ጉልበት ያለው ኤሌክትሮን በውኃ ውስጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ሲጓዝ ወደ 200 የሚጠጉ የሚታይ ብርሃን ቅንጣቶችን፣ ማለትም ፎቶኖችን ያወጣል። ይህ ኤሌክትሮኑ በዚያው መንገድ ለቁሱ ከሚተወው ጉልበት አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። በመሆኑም የጨረሩን ሥራ የሚሠራው ብርሃኑ አይደለም። ብርሃኑ ከሥራው ጎን የሚፈስ ትርፍ ነው። የሞገድ ርዝመቱ ባጠረ ቁጥር የፎቶኖቹ ብዛት ስለሚጨምር ሰማያዊው ቀለም ያይላል።

ቁሱን ሳይነኩ ማለፍ

ከላይ እንደተገለጸው ብርሃኑን የሚያወጡት በኤሌክትሮኑ የኤሌክትሪክ መስክ የተነኩት ሞለኪውሎች እንጂ ኤሌክትሮኑ ራሱ አይደለም። ከዚህ አንድ የሚያስገርም ውጤት ይከተላል። ኤሌክትሮኑ ቁሱ ውስጥ መግባት የለበትም፤ መስኩ እስከደረሰ ድረስ በአጠገቡ ማለፉ ይበቃል። ቪታሊ ጊንዝቡርግና ኢልያ ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1947 በዳይኤሌክትሪክ ውስጥ በተቦረቦረ ባዶ ቦይ የሚያልፍ ኤሌክትሮን ቁሱን ሳይነካ የቼሬንኮቭን ብርሃን ሊያስገኝ እንደሚችል በስሌት አሳዩ።

ጥያቄው ምን ያህል መቅረብ ያስፈልጋል የሚለው ነው። ርቀቱ በጥቅሉ ከሚፈለገው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ብዙ ሊበልጥ አይገባም። የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከቀይ የደም ሕዋስ ስፋት አንድ ዐሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ፣ ኤሌክትሮኖቹን ይህን ያህል አስጠግቶ ቁሱን ሳይመቱ ማሳለፍ እጅግ ከባድ ነው። የሞገድ ርዝመታቸው በሚሊ ሜትርና በሴንቲ ሜትር ለሚለካው ማይክሮዌቮች ግን ነገሩ ይቀላል።

እ.ኤ.አ. በ1953 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ስቲቭ ስሚዝና ኤድዋርድ ፐርሴል ሌላ መንገድ አገኙ። ወደ 300 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያላቸውን ኤሌክትሮኖች፣ እጅግ ደቃቅ የሆኑ ትይዩ መስመሮች በተጫሩበት የብረት ገጽ ላይ አስታክከው ሲያሳልፉ የሚታይ ብርሃን አገኙ። የኤሌክትሮኖቹን ጉልበት ሲለውጡም የብርሃኑ ቀለም ተለወጠ። ገጹ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ጭረቶች ካሉት ኤሌክትሮኑ ብርሃንን የመቅደም ግዴታ አይኖርበትም፤ ቀለሙን የሚወስነው የጭረቶቹ ርቀትና የኤሌክትሮኑ ፍጥነት ነው። ይህ ስልት ዛሬ በብረት ፈንታ በዳይኤሌክትሪክ ቁሶች ላይም ይሠራበታል። ፐርሴል የማግኔቲክ ሬዞናንስ ምርመራ መሠረት በሆነው ግኝቱ ከፊሊክስ ብሎክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1952 ኖቤል የተሸለመው ሊቅ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ይኸው ሂደት ወደ ኋላም ይሠራል። ኤሌክትሮን በቁስ አጠገብ ሲያልፍ ብርሃን መስጠት ከቻለ፣ በቁሱ ላይ የሌዘር ብርሃን ሲበራበት ደግሞ ከብርሃኑ ጉልበት መቀበል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካና በጀርመን የሚገኙ ሁለት ቡድኖች ደቃቅ ጭረቶች ባሉት ሲሊካ አጠገብ ኤሌክትሮኖችን በሌዘር ማፋጠን ችለዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የጀርመን ኤርላንገን ተመራማሪዎች ግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ርዝመት ባለው ቦይ ኤሌክትሮኖችን ከ28.4 ወደ 40.7 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አድርሰዋል። የሩቁ ተስፋ በኢንዶስኮፕ ጫፍ ላይ ሊገጠምና ዕጢውን በቅርብ ሊያክም የሚችል የጨረር መሣሪያ መሥራት ነው። እስካሁን የተደረሰበት ጉልበት ግን ለዚህ ሕክምና ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነው።

በሆስፒታል ውስጥ የትኛው ጨረር ብርሃን ይሰጣል?

ወደ ሕክምናው ክፍል ስንመለስ፣ ኤሌክትሮኖቹ በሰውነት አጠገብ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ስለሚያልፉ የጉልበቱን ወሰን ማወቅ በቂ ነው። ይህን አንድ ቁጥር የያዘ ባለሙያ የትኛው መሣሪያ የቼሬንኮቭን ብርሃን እንደሚያወጣ በራሱ ሊለይ ይችላል።

በተለመደው የራጅና የሲቲ ምርመራ ከ150 ኪሎ ቮልት የማይበልጥ ኃይል ስለሚሠራበት፣ የሚፈጠሩት ኤሌክትሮኖች በሙሉ ከወሰኑ በታች ናቸው። ስለሆነም በራጅ ክፍል ብርሃን አየሁ የሚል ሕመምተኛ ያየው የቼሬንኮቭ ብርሃን አይደለም። ቴክኒሺየም 99ኤም የሚያወጣው ጋማ ጨረርም 140 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ስለሆነ በሰውነት ውስጥ ይህን ብርሃን አያስገኝም።

የታይሮይድ ዕጢን ለማከም የሚሰጠው አዮዲን 131 ግን ጉልበታቸው እስከ 606 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የሚደርስ ቤታ ቅንጣቶችን በብዛት ስለሚያወጣ ከፊሎቹ ወሰኑን ያልፋሉ። ለፔት ምርመራ የሚውለው ፍሎሪን 18 ፖዚትሮኖችም እስከ 634 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ይደርሳሉ።

የኮባልት 60 መሣሪያ 1.17 እና 1.33 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት የሆኑ ጋማ ጨረሮችን ያወጣል። እነዚህ በሰውነት ውስጥ የሚያስፈነጥሯቸው ኤሌክትሮኖች እስከ 1.1 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ሊኖራቸው ስለሚችል ብርሃን ይሰጣሉ። በሊኒየር አክሰለሬተር የሚፈጠሩት ደግሞ ከዚህም የበለጠ ጉልበት አላቸው። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ብቸኛ የነበረው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ክፍል በኮባልት መሣሪያ ሲሠራ ቆይቷል። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሊኒየር አክሰለሬተሮች ከአዲስ አበባም ውጭ ገብተዋል። በሁለቱም ዓይነት መሣሪያ ሲታከም የሕመምተኛው ገላ በዓይን በማይለይ መጠን ያበራል።

ከሕመምተኛው ገላ የሚወጣው ብርሃን

በዓይን የማይለየው ብርሃን በካሜራ ሊያዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 ፖዚትሮን የሚያወጡ መድኃኒቶች የተሰጣቸው አይጦች በዚህ ብርሃን ብቻ ፎቶግራፍ ተነሡ። እ.ኤ.አ. በ2013 የጣሊያን ተመራማሪዎች አዮዲን 131 የተሰጠውን ሰው የታይሮይድ ዕጢ በዚሁ መንገድ አነሡ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በኒውዮርክ በሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል ፍሎሪን 18 በያዘ ግሉኮስ አማካይነት የሊምፍ ዕጢዎች በብርሃን ታዩ።

በጨረር ሕክምና ረገድ ግንባር ቀደም የሆነው በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር የሚገኘው የዳርትማውዝ ቡድን ነው። ዋናው ችግር የክፍሉ መብራት ደካማውን ብርሃን መዋጡ ነበር። ሊኒየር አክሰለሬተር ጨረሩን የሚሰጠው በተከታታይ ሳይሆን እያንዳንዳቸው ጥቂት ማይክሮሴኮንድ በሚቆዩ ምቶች ስለሆነ፣ ተመራማሪዎቹ ካሜራው በእነዚያ ቅጽበቶች ብቻ እንዲከፈት አደረጉ። በዚህ ዘዴ የክፍሉ መብራት ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ፣ የጡት ካንሰር ሕክምና የሚሰጣት ሴት ጨረሩ ያረፈበት የገላዋ ክፍል ሲያበራ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት አሳዩ።

የዚህ ጥቅም ከውበቱ በላይ ነው። የጨረር ሕክምና ብዙ ጊዜ ለሳምንታት በየዕለቱ የሚሰጥ ሲሆን፣ የሕመምተኛው አተኛኘት ከቀን ወደ ቀን በጥቂቱ ሊለዋወጥ ይችላል። ክንድ ዝቅ ሲል፣ አገጭ ሲያጋድል ወይም ሌላኛው ጡት ወደ መሐል ሲያዘነብል ጨረሩ ወዳልታሰበበት ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዳርትማውዝ ቡድን ባወጣው ጥናት፣ በዚህ ካሜራ ከተከታተላቸው 64 ሕመምተኞች መካከል በ6ቱ ላይ ጨረሩ ያልታሰበበትን ሌላኛውን ጡት፣ ክንድ ወይም አገጭ እንደነካ ተገንዝቧል። ለወትሮው በዓይን የማይታይ ስሕተት በብርሃኑ አማካይነት ተገለጠ ማለት ነው። ባለሙያው ያየውን በማግሥቱ አስተካክሎ ማከም ይችላል።

የምስክሩ ገደብ

ይሁን እንጂ የብርሃኑን ድምቀት በቀጥታ እንደ ጨረር መጠን መቁጠር አደገኛ ስሕተት ነው። ምክንያቶቹ የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ብርሃኑ ሲፈጠር ሰማያዊው ቀለም ቢያይልም ሄሞግሎቢን ሰማያዊውን ስለሚውጥ ከገላ የሚወጣው በአብዛኛው ቀይና ከቀይ በታች ያለው ነው። ደም የበዛበት፣ የቀላ ወይም ጠባሳ ያለበት ቆዳ ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ያነሰ ብርሃን ሊሰጥ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ካሜራው የሚያየው ከቆዳው ገጽ ጥቂት ሚሊ ሜትር ጥልቀት ድረስ ያለውን ብቻ ነው። በጥልቁ ስላለው ዕጢ የሚነግረን ነገር የለም።

ሦስተኛውና ለእኛ ሕመምተኞች ይበልጥ የሚከብደው የሜላኒን ጉዳይ ነው። ሜላኒን የሚታየውን ብርሃን ስለሚውጥ፣ እኩል የጨረር መጠን ከተቀበሉ ሁለት ሰዎች መካከል ጥቁር ቆዳ ያለው ያነሰ ብርሃን ይሰጣል። ዘዴው በነጭ ቆዳ ላይ በተሠራ መለኪያ ብቻ ቢነበብ፣ ጥቁሩ ሕመምተኛ ከታዘዘለት ያነሰ ጨረር የተቀበለ ይመስላል። ይህን የተመለከተ ባለሙያ መጠኑን ልጨምር ቢል የሚጎዳው ሕመምተኛው ነው። ስለዚህ ዘዴው በእኛ አገር ሥራ ላይ ቢውል፣ መጀመሪያ በአገራችን ሕመምተኞች ቆዳ ላይ ተለክቶ መስተካከል ይኖርበታል። እስከዚያው ድረስ ብርሃኑ «ጨረሩ የት አረፈ?» ለሚለው ጥያቄ እንጂ «ምን ያህል አረፈ?» ለሚለው መልስ ሊሆን አይገባም።

ብርሃን አየሁ ለሚለው ሕመምተኛ

በመግቢያው የተጠቀሰው ሕመምተኛ ያየው ብርሃን የሚፈጠረው በገዛ ዓይኑ ውስጥ ነው። የዓይን ኳስ በአብዛኛው ውኃ በሆነ ጥርት ያለ ነገር የተሞላ ስለሆነ፣ ፈጣን ኤሌክትሮኖች ሲያልፉበት ብርሃኑ በቀጥታ ሬቲና ላይ ያርፋል። ዓይንን መጨፈን የማያስቀረውም ስለዚህ ነው። የዳርትማውዝ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 በሕክምና ላይ ካለ ሰው ዓይን የሚወጣውን ይህን ብርሃን በካሜራ መዝግበው፣ ለመታየት የሚበቃ መሆኑን አረጋግጠዋል። ጨረሩ በቀጥታ ዓይን ላይ ሳያነጣጥር በአጠገቡ ሲያልፍ የተበተነው ክፍል እንኳ ይህን ሊያስከትል ይችላል።

እንግዲህ የጤና ባለሙያው ምን ያድርግ? ከሁሉ አስቀድሞ ሕመምተኛውን ያዳምጥ፤ የነገሩትን አይናቅ። «ያዩት እውነት ነው፤ ጨረሩ በዓይንዎ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ሲያቋርጥ ብርሃን ይፈጠራል፤ ብርሃኑ ራሱ ዓይንዎን አይጎዳም» ብሎ በአክብሮት ማስረዳት ብዙ ጭንቀት ያቀላል። በተለይ ነገሩን ከመንፈስ ጋር አያይዘው ለሚፈሩ፣ ወይም ከፍርሃቱ የተነሣ ሕክምናውን ሊያቋርጡ ለሚያስቡ ሕመምተኞች ይህ ቃል ከመድኃኒት አያንስም።

ቀጥሎም ብርሃኑ መቼ እንደታየና መቼ እንደጠፋ ጠይቆ በካርዱ ላይ ይመዝግብ። መሣሪያው ሲሠራ ብቻ የሚታይና ሲቆም ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ከላይ የተገለጸው ነው። ቢሆንም ዓይን ከጨረሩ መንገድ አጠገብ መሆኑን ስለሚጠቁም፣ የሕክምናው ዕቅድ ይህን ያሰበ መሆኑን ለጨረር ሐኪሙና ለሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው ማሳወቅ ተገቢ ነው። በተለይም ብርሃን ከዚህ በፊት ታይቶት የማያውቅ ሕመምተኛ በሕክምናው አጋማሽ ማየት ከጀመረ፣ አተኛኘቱ ተለውጦ እንደሆነ ሊመረመር ይገባል።

ብርሃኑ ከሕክምናው ክፍል ከወጣ በኋላም ብልጭ ድርግም የሚል፣ የሚንሳፈፉ ጥቁር ነጠብጣቦች የሚከተሉት፣ ወይም የእይታውን ክፍል እንደ መጋረጃ የሚሸፍን ነገር ያለበት ከሆነ ግን ከቼሬንኮቭ ጋር ግንኙነት የለውም። ይህ የሬቲና መላቀቅ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሕመምተኛው ሳይውል ሳያድር ወደ ዓይን ሐኪም መላክ አለበት። ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ «ብርሃኑ መሣሪያው ከቆመ በኋላም ይታይዎታል?» የሚለው አንድ ጥያቄ ነው።